የታዘዘው ሁሉ ለምን አይወሰድም? የስኳር ሕክምናና ታካሚው

ከሐኪም ዘንድ ስንወጣ «መድኃኒት ታዘዘልኝ» እንላለን። ቃሉ አዛዥና ታዛዥን ይዟል፤ ሐኪሙ ያዛል፣ ታካሚው ይፈጽማል። ለወባ ወይም ለሳንባ ምች ይህ አነጋገር አያስቸግርም፤ ኪኒኑ በጥቂት ቀን ሲያልቅ ትእዛዙም ያበቃል። ስኳር ግን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሕመም ነው። ትእዛዙ ገበታ ላይ ይቀርባል፣ ጾም ውስጥ ይገባል፣ ሰርግ ቤት አብሮ ይሄዳል፣ ከወር ደመወዝ ይካፈላል። ስለዚህ አንድ ሰው ሕክምናውን ለምን እንዳቋረጠ ለማወቅ ኑሮውን ማየት ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ስለዚህ ጉዳይ ባወጣው ሪፖርት፣ ባደጉት አገሮች እንኳ ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን በአግባቡ የሚከተሉት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አስታውቋል። በድሃ አገሮች ቁጥሩ ከዚህም ያንሳል። ሪፖርቱ ምክንያቶቹን በአምስት ይከፍላቸዋል፤ ኑሮና ገንዘብ፣ የጤና አገልግሎቱ፣ የሕመሙ ጠባይ፣ የመድኃኒቱ ጠባይ፣ በመጨረሻም ታካሚው ራሱ። ከአምስቱ የታካሚው ድርሻ አንዱ ብቻ ነው። ወቀሳው ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው።

የማያም ሕመም

ሕክምናውን መከተል ዋጋ እንዳለው ጥርጥር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ የአንደኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች ስኳራቸውን በጥብቅ ሲቆጣጠሩ ዓይናቸው ላይ ጉዳት የመጀመር ዕድሉ በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የብሪታንያ ጥናት ደግሞ በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ላይ ጥብቅ ቁጥጥር የዓይን፣ የኩላሊትና የመሳሰለውን የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

ችግሩ ይህ ጥቅም ለዓመታት የማይታይ መሆኑ ነው። ራስ ምታት ያለበት ሰው ኪኒን ውጦ ሲሻለው ያውቀዋል። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ግን መድኃኒቱን ሲወስድ የተለየ ነገር ላይሰማው ይችላል፤ ሲያቆምም እንደዚያው። «ደህና ነኝ፣ ለምን ልዋጥ?» የሚለው ጥያቄ ከግድየለሽነት ሳይሆን ሰውነቱ ከሚነግረው ነገር የመጣ ነው። ሰውነት ግን በስኳር ጉዳይ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። በብሪታንያው ጥናት ሕመማቸው ገና በታወቀበት ዕለት ግማሽ ያህሉ የጉዳት ምልክት ነበረባቸው።

በዚህ ላይ የስኳር ሕክምና አንድ ነገር አይደለም። ኪኒን ወይም መርፌ፣ የምግብ ምርጫ፣ እንቅስቃሴ፣ ምርመራ፣ የእግር እንክብካቤ፣ ቀጠሮ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣሉ። ኪኒኑን አንድ ቀን ሳይዘነጋ የሚውጥ ሰው በእግሩ ላይራመድ ይችላል። በምግቡ የሚጠነቀቀው ደግሞ እግሩን አያይም ይሆናል። «ታዛዥ ታካሚ» እና «አመጸኛ ታካሚ» ብሎ ሰውን ለሁለት መክፈል ስለዚህ አያስኬድም።

ኪስና መንገድ

ሐኪሙ «ስኳርዎን ቤትዎ ይለኩ» ሲል መለኪያው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ደም የሚነካው ስትሪፕ ግን አንድ ጊዜ ተነክሮ ይጣላል፣ እንደገና ይገዛል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ እንዲለካ ቢመከርም፣ ብዙው ቤተሰብ ስትሪፑን ለክፉ ቀን ይቆጥበዋል። መርፌውንም እንዲሁ፤ ብልቃጡ እስከ ወር መጨረሻ እንዲደርስ መጠኑን ቀንሶ የሚወጋ አለ።

በአገራችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ እየሰፋ ሲመጣ ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ሆኗል። መድን ግን የሚያገለግለው መድኃኒቱ በጤና ተቋሙ መደርደሪያ ላይ ሲገኝ ነው። ካልተገኘ ታካሚው ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ ዋጋውን ሲሰማም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከገጠር የሚመጣ ሰው ደግሞ የመኪና ዋጋ፣ የአንድ ቀን ሥራ፣ አንዳንዴም የማደሪያ ገንዘብ ይጨመርበታል።

የመድኃኒት እጦት ጥጉ በጦርነት ጊዜ ይታያል። በትግራይ ጦርነት ወቅት የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን እያለቀባቸው መሆኑን ለዓለም ተናግረዋል። ኢንሱሊን በሌለበት ስለ ታካሚ ታዛዥነት የሚነሳ ጥያቄ ትርጉም የለውም።

መድኃኒቱም የራሱ ጠባይ አለው

ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ኪኒን ሲጀመር ሆድ ያውካል፤ ያቅለሸልሻል፣ ያስቀምጣል። በትንሽ መጠን ተጀምሮ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ችግሩ በአብዛኛው ይቀላል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን መድኃኒቱ «አልተስማማኝም» ብሎ በሳምንቱ ይተወዋል።

ግሊበንክላማይድ የተባለው ኪኒንና ኢንሱሊን ደግሞ ስኳርን ከሚፈለገው በታች ሊጥሉ ይችላሉ። ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ዓይን ይጨልማል። አንድ ሌሊት «ስኳሬ ወርዶ» ሞትን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ስኳሩን ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ ቢያቆይ አይፈረድበትም። ሾፌር፣ ዘበኛ፣ ብቻዋን የምታድር እናት፣ ሁሉም ይህ ፍርሃት አለባቸው። ማታ የሚበላው ስለማግኘቱ እርግጠኛ ያልሆነ ሰውም መርፌውን ቢዘል ምክንያት አለው፤ ምግብ ሳይኖር መርፌ መውሰድ አደገኛ ነው።

ኢንሱሊን ያልተከፈተ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጥ ይባላል። ፍሪጅ የሌለው ሰው ይህን ሲሰማ ተስፋ ይቆርጣል። ሆኖም ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ ዳጋሃሌ የስደተኞች መጠለያ የነበረውን ሙቀት መሠረት አድርገው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት ቢቆይ ኃይሉ እንደማይቀንስ አሳይተዋል። በውሃ የረጠበ የሸክላ ማሰሮም ለማቀዝቀዣነት ይረዳል። እንዲህ ያለው እውቀት ወደ ታካሚው ሲደርስ «አልችልም» የነበረው «እችላለሁ» ይሆናል።

ጾም፣ ጸበልና ማዕድ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አሉ፣ ሌሎቹም አጽዋማት አሉ። ጠዋት ግሊበንክላማይድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የሚውል ሰው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ይህን የፈራው ደግሞ ጾሙን ሳይሆን ኪኒኑን ይተዋል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች፤ የንስሐ አባት ሊፈቅዱለት ይችላሉ። እስልምናም ሕመምተኛን ከረመዳን ጾም ነጻ ያደርጋል። ሆኖም ጾም ለአማኝ ከጎረቤቱና ከፈጣሪው ጋር የሚያስተሳስረው ነገር ነውና ፈቃድ ማግኘት ብቻውን አያስተወውም። በ13 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለባቸው ሙስሊሞች 79 በመቶው፣ የአንደኛው ዓይነት ካለባቸው ደግሞ 43 በመቶው በረመዳን ቢያንስ 15 ቀን እንደጾሙ አሳይቷል። ከባድ የስኳር መውረድም በዚያ ወር በብዙ እጥፍ ጨምሯል። ዛሬ ባለሙያዎች ታካሚው ረመዳን ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድሞ ከሐኪሙ ጋር እንዲመካከር ያሳስባሉ። ለእኛ አገር አጽዋማትም ይህ ልማድ ቢሆን ይጠቅማል።

በጸበል የሚቆይ ሰው መድኃኒቱን የእምነት ጉድለት አድርጎ ሊያየው ይችላል። በዚህ ረገድ ከኤች አይ ቪ የምንማረው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ፣ ሐኪም ብቻውን ሊከፍተው ያልቻለው በር ተከፍቷል። ሽፈራው፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ የሚወስዱም ብዙዎች ናቸው። ለሐኪሙ የማይነግሩት ይቆጣናል ብለው ስለሚፈሩ ነው።

ማዕዱም አለ። አንድ መሶብ ከብበን በምንበላበት ቤት የአንዱ ሰው አመጋገብ የሁሉም ጉዳይ ነው። «በሞቴ፣ ይህችን ጉርሻ!» የሚል ዘመድ ፍቅሩን እየገለጸ ነው፤ እምቢ ማለት ፍቅሩን መግፋት ይመስላል። ለቤተሰቡ የምታበስል ሴት ለራሷ ሌላ ወጥ አትሠራም። ለባልየው የተሰጠው ምክርም ሚስቱ ካልተማከረች ቤት አይደርስም።

ፍርሃትና ኀፍረት

ኢንሱሊን የመጨረሻው ደረጃ ነው፣ መርፌ ከተጀመረ አበቃ የሚል እምነት በሰፊው አለ። ይህን እምነት አንዳንድ ባለሙያዎችም ሳያውቁ ያጠናክሩታል። «ካልተጠነቀቅህ መርፌ አስጀምርሃለሁ» የተባለ ሰው ኢንሱሊንን ከቅጣት ቆጥሮ ያድራል። እውነቱ ግን በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ቆሽት ከዓመታት በኋላ እየደከመ መሄዱ የሕመሙ ባሕርይ መሆኑ ነው። መርፌ ያስፈለገው ሰው ጥፋተኛ አይደለም።

ወጣቶች በሥራ ቦታና በሰርግ ቤት እንዳይታዩ መርፌያቸውን ይዘላሉ። ልጃገረድ ለጋብቻ ስትታጭ ሕመሟን ትደብቃለች። የመንፈስ ጭንቀት በስኳር ሕመምተኞች ላይ ከሌላው ሰው በእጥፍ ገደማ ይታያል፤ የተጨነቀ ሰው ደግሞ ከአልጋው ለመነሳት አቅም ሲያጣ ስለ ስትሪፕ አያስብም።

የቀጠሮው ክፍል

ታካሚው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ከሐኪሙ ጋር የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። «ከፍ ብሏል፤ ምግብ አልተውክም» ይባላል። የተቆጡት ሰው ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘጋጃል፤ ከቀኑ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ይጠነቀቃል፣ ኪኒኑን ይውጣል፣ የጾም ስኳሩም ያማረ ሆኖ ይገኛል። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ካልተሠራ እውነቱ ተሰውሮ ይቀራል።

ቋንቋም የሕክምናው አካል ነው። ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲገቡ ስኳር በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር፤ ኑሮና አመጋገብ ሲለወጥ ግን በፍጥነት ተስፋፋ። ሕመም ይድናል ወይም ይገድላል ብሎ ለኖረ ትውልድ የማይድን ግን በቁጥጥር የሚኖር ሕመም አዲስ ሐሳብ ነበር። በዚያው አገር በሐዴራ ከተማ የተመሠረተው ቴኔ ብሪዩት የተባለ ድርጅት ይህን በአማርኛና በባህሉ ውስጥ ሆኖ ማስረዳትን ሥራው አድርጎ ተነሣ። ስሙ በዕብራይስጥ «የጤና ቅርጫት» ማለት ሲሆን ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ደግሞ «ጤና»ን ያስታውሳል።

የሠራው ነገር

በጎንደርና በጅማ ዙሪያ የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትል ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ወርዶ፣ ሥልጠና በወሰዱ ነርሶች እንዲሰጥ ተደርጓል። መንገዱ ሲያጥር ታካሚው ይመጣል፤ ነርሷ የቤቱን ሁኔታ ስለምታውቅ የምትሰጠው ምክር ከኑሮው ጋር ይገጥማል። በየአገሩ ከተሞከሩት ሌሎች ዘዴዎች ውስጥም ፍሬ ያፈሩት ቀላሎቹ ናቸው፤ በቀን የሚወሰደውን ጊዜ መቀነስ፣ ቤተሰቡን አብሮ ማስተማር፣ አንድ ነገር መርጦ ከእሱ መጀመር።

የአጠያየቅ ለውጥም ገንዘብ አይጠይቅም። «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ለተባለ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ «አዎ»። «ሁላችንም አልፎ አልፎ እንረሳለን፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?» ሲባል ግን እውነቱ ይወጣል። ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ቀጠሮ «ዘንድሮ ሊጾሙ አስበዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ደግሞ የሚሰማው መልስ የኪኒኑን ዓይነትና ሰዓት ያስለውጠዋል። እንዲህ የተጠየቁ እናት ከዚያ ክፍል ሲወጡ የያዙት ወረቀት ከሐኪሙ ጋር ተማክረው ያጻፉት ነውና፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ከማዕዱ ጋር ኪኒናቸውንም ያነሣሉ።