የእርግዝና ማቅለሽለሽና ማስታወክ፦ በቤት የሚቀለውና ሐኪም የሚያስፈልገው

«የእርግዝና ነው፤ ያልፋል።» ነፍሰ ጡር እህት የበላችው አልረጋ ሲላት ከቤተሰብም ከጎረቤትም በብዛት የምትሰማው ይህንን ነው። አባባሉ ለአብዛኞቹ እናቶች እውነት ነው። ለጥቂቶቹ ግን ሕክምና የሚያስፈልገውን ሕመም ሊሸፍን ስለሚችል ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ለምን ይከሰታል?

ከ10 ነፍሰ ጡሮች 7 ያህሉ ማቅለሽለሽ ያጋጥማቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ በ9ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፤ ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ደግሞ እየቀለለ ይሄዳል። በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት ጂዲኤፍ 15 የተባለው ሆርሞን ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። ስለዚህ ሕመሙ የቅብጠት ወይም የስንፍና ምልክት አይደለም።

በቤት ውስጥ የሚረዱ ነገሮች

• ጠዋት ከአልጋ ከመነሳትዎ በፊት ደረቅ ዳቦ፣ ቂጣ ወይም ብስኩት ይቅመሱ፤ ከዚያም ቀስ ብለው ይነሱ።
• ሦስት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት ይልቅ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይመገቡ። ባዶ ሆድም ከልክ ያለፈ ጥጋብም ማቅለሽለሽን ያባብሳሉ።
• ቅባትና በርበሬ የበዛበትን ወጥ ለጊዜው ይቀንሱ።
• ውኃ ከምግብ ጋር አብዝተው ከመጠጣት ይልቅ በምግብ ሰዓቶች መሀል ፉት እያሉ ይጠጡ።
• ዝንጅብል በሻይ ወይም በሙቅ ውኃ አፍልቶ መጠጣት ብዙዎችን ይረዳል።
• የሚቆላ ሽንኩርት ወይም ቡና ሽታ የሚያስታውክዎ ከሆነ መስኮት ይክፈቱ፤ ከተቻለ ሌላ ሰው ያብስል።
• የአይረን እንክብል ካባባሰብዎ በራስዎ አያቁሙ፤ የሚወስዱበትን ሰዓት ስለመቀየር ጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ለነፍሰ ጡር የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ። ሐኪም ቫይታሚን ቢ6ን ብቻውን ወይም ዶክሲላሚን ከተባለ መድኃኒት ጋር ሊያዝ ይችላል። ያለ ትእዛዝ ግን ከፋርማሲ ገዝተው አይውሰዱ።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱት መቼ ነው?

• ለ24 ሰዓት ምግብም ውኃም አልረጋ ካለዎት፣
• ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም ለ8 ሰዓት ካልሸኑ፣
• ሲቆሙ የሚያዞርዎ ወይም ራስዎን የሚያስትዎ ከሆነ፣
• ክብደትዎ ከቀነሰ (ለምሳሌ 60 ኪሎ የነበረች ሴት 3 ኪሎ ብትቀንስ)፣
• ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የተቀላቀለበት ትውከት ካለ። ትኩሳትና ትውከት ወባን ጨምሮ የሌላ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ የበረታው ዓይነት በሕክምናው ቋንቋ ሃይፐረሜሲስ ግራቪዳረም ይባላል። ፈሳሽ በደም ሥር መስጠትን ይጠይቃል፤ ችላ ከተባለ እናትንም ፅንስንም ይጎዳል።

ስለ ረመዳን ጾም

ነፍሰ ጡር ሴት ለራሷ ወይም ለልጇ ጤና ከሰጋች ማፍጠር ተፈቅዶላታል። ስለ ቀዷውና ፊድያው ዓሊሞችን፣ ስለ ጤናዋ ደግሞ ሐኪሟን ትጠይቅ። እያስታወከች ውኃ ሳትጠጣ መዋል የሰውነት ድርቀትን ያፋጥናል።

ባሎችና ቤተሰብም «ያልፋል» ከማለታቸው በፊት «ዛሬ ውኃ ረግቶልሻል? ሽንትሽስ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ የሚያሳስብ ከሆነ እስኪነጋ መጠበቅ አያስፈልግም።