የቀን የእሳት እራትና የእህል በረንዳ ወንፊት

አብዛኞቹ የእሳት እራቶች ጨለማን ተገን አድርገው ይኖራሉ። ዩቴቴይሳ ፑልቼላ ግን በጠራራ ፀሐይም ትበራለች። ነጣ ያሉ ክንፎቿ በቀይና በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎሩ ስለሆኑ ከሩቅ ትለያለች፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ፣ በደቡብ አውሮፓና በእስያ ትገኛለች።

እንዲህ ደፋር ያደረጋት በልጅነቷ የበላችው ቅጠል ነው። አባጨጓሬዋ ጠቆር ያለና ፀጉራም ሲሆን፣ ጀርባው ላይ ነጭ መስመርና ብርቱካናማ ምልክቶች አሉት። ምግቡ እንደ ሄሊዮትሮፒየምና ክሮታላሪያ ያሉ፣ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ መርዝ የያዙ ዕፅዋት ናቸው። የዚህ ወገን አባጨጓሬዎች መርዙ ላይ ኦክስጅን ጨምረው ለራሳቸው የማይጎዳ ያደርጉታል፤ ከዚያም በሰውነታቸው ያከማቹታል፤ ክንፍ ሲያወጡም አብሯቸው ይዘልቃል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ቶማስ አይስነርና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ የምትኖረውን ዘመዷን ዩቴቴይሳ ኦርናትሪክስን አጥንተዋል። ሸረሪት ይህችን የእሳት እራት ብታጠምድ እንኳ ድሩን ቆርጣ በሕይወት ትለቃታለች። ወንዱ ደግሞ በተራክቦ ጊዜ መርዙን ከዘሩ ጋር ለሴቷ ያቀብላል፤ እሷም ለእንቁላሎቿ ታወርሳለች። በነፍሳት ዓለም ከዚህ የሚበልጥ የአባት ስጦታ አላውቅም።

የእኛ ጉበት ግን አባጨጓሬዎቹ መርዙን የሚያረክሱበትን ጥበብ አልታደለም። መርዙን ላስወግድ ሲል የባሰ አደገኛ ያደርገዋል፤ የጉበት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ፣ ሆድ ውኃ ቋጥሮ ይነፋል። በአፍጋኒስታን ጉልራን ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ብዙ ሰው ለሕመምና ለሞት የተዳረገው የሄሊዮትሮፒየም ዘር ከስንዴ ጋር ተፈጭቶ ስለተበላ ነው። በትግራይ ታህታይ ቆራሮ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የታየው የጉበት በሽታ ሲመረመርም፣ እህል ውስጥ የተቀላቀለ፣ ይህንኑ መርዝ የያዘ አጄራተም ኮኒዞይደስ የተባለ አረም ዋነኛ ተጠርጣሪ ሆኗል።

መርካቶ እህል በረንዳ ሰፌድና ወንፊት ይዘው እህል የሚያበጥሩትን፣ የሚነፉትንና የሚለቅሙትን ሴቶች በዚህ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሸማች ድካማቸውን ከአፈርና ከጠጠር ጋር ብቻ ያያይዘዋል። የምጣድ ግለት ግን ይህን መርዝ አያጠፋውም፤ አንዴ ዱቄት ከሆነ ደግሞ በዓይንም በወንፊትም አይለይም። የአረሙ ፍሬ ተለቅሞ የሚወጣው እህሉ ወፍጮ ቤት ሳይደርስ ነው። ከዚያም በፊት ገበሬው አረሙን ሳያፈራ ከማሳው ከነቀለው፣ እህል በረንዳ የሚራገፈው ጆንያ ንጹሕ ይሆናል።