«የማን ልጅ ናት?»

ደንበኛዬ ቡና ቆልቶ፣ አሽጎ ይሸጣል። ለአዲሱ ከረጢት ቀይ ቡና የምትለቅም ሴት ፎቶ ፈለገ፤ ጌዴኦ ድረስ ፎቶ አንሺ ለመላክ ግን ጊዜውም ብሩም አልነበረውም። ከጽሑፍ ምስል የሚሠራውን ሚድጆርኒን ከፍቼ ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ ወዲያው አራት ሴቶች ደረደረልኝ። ፈገግ ያለችውን መረጥን። ጣቶቿን ቆጠርኩ፤ አልጎደሉም፣ አልተረፉም። በኛ በዲዛይነሮች ሙያ ይህ «ቼክ አድርጌዋለሁ» ማለት ነው።

ናሙናውን ለገበሬዎቹ ሊያሳይ ሲሄድ አብሬው ወረድኩ። አንድ አዛውንት ከረጢቱን ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩትና «የማን ልጅ ናት?» አሉ።

ደንበኛዬ ወደ እኔ ዞረ። «ኮምፒውተር የሠራት ናት፣ አባባ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ቡናውንም እሱ ነው የተከለው?»

እኔም ገና ያኔ አየሁት። ፍሬው ከቅርንጫፉ ጫፍ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሏል፤ ቡና ግን ቅርንጫፉን ይዞ በየአንጓው ተጣብቆ ነው የሚያፈራው። የጌዴኦ ቡና ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ጋር በጥላ ያድጋል፤ የኔ የቡና እግሮች ገላጣ ሜዳ ላይ እንደ ሰልፈኛ ቆመዋል።

ይበልጥ የቆጠቆጠኝ ግን ከረጢቱ ጀርባ ላይ ራሴ ያስገባሁት ጽሑፍ ነው፤ ቡናው ከእነማን እጅ እንደመጣ ይናገራል። በእጅ የተሣለች ሴት ብትሆን አዛውንቱም ባልጠየቁ። ፎቶ የሚመስል ነገር ግን ምስክር ሆኖ ይቆማል፤ እኔም የሐሰት ምስክር አቁሜያለሁ።

መሣሪያውን አልተውኩትም። ደንበኛ ሐሳቡን በቃል ሲነግረኝ ለመግባባት የሚያህለው የለም፤ ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ማዕዘኑንና ብርሃኑን አሳይበታለሁ፣ ለባነር የጠበበን ሰማይ አሰፋበታለሁ። ሰው፣ ቦታ ወይም የሚሸጠው ዕቃ ሲሆን ግን አልነካውም። በዓል ሲደርስ ደግሞ ለብቻው ጣጣ ነው፦ አደይ አበባ ስትለው የሱፍ አበባ፣ ጀበና ስትለው ምንቃሯ የረዘመ የዓረብ ቡና ማፍያ ያመጣል። ፊደል የሚመስሉ ግን ፊደል ያልሆኑ ጭረቶችንማ አንባቢ ያውቃቸዋል።

ሎጎም አልሠራበትም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 «ዛሪያ ኦቭ ዘ ዶውን» በተባለው የሥዕል መጽሐፍ ጉዳይ ጽሑፉንና አደራደሩን ሲቀበል ሚድጆርኒ ያወጣቸውን ምስሎች ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። የኛም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ የሚለው ሰውን ነው። ደንበኛ የራሱ ብቻ እንዲሆን የከፈለበትን ምልክት ነገ ጎረቤቱ ቢለጥፈው ምን ብዬ እከራከርለታለሁ? በሕይወት ያለ ሠዓሊ ስም ጠርቶ «በእሱ አሣሣል» ብሎ ማዘዝም ለኔ ስርቆት ነው፤ ሕጉ ምንም ይበል።

ከረጢቱን ቀየርነው። ለቀማው ሲደርስ አንዲት ሴት በስልክ አነሳን፤ መጀመሪያ ግን ሻሿን ልትቀይር ቤት ገባችና ግማሽ ሰዓት አስጠበቀችን። ተከፈላት፣ ፎቶው የት የት እንደሚወጣ ተነግሯት ፈረመች። ፀሐዩ አናቷ ላይ ስለነበር ዓይኗን ጨፈን አድርጋለች፤ እኔም አላስተካከልኩትም።

ደንበኛዬ እስካሁን «ያችኛዋ ታምር ነበር» ይለኛል።