ካምቢዮው የማያየው ቁልቁለት፦ ኦቨርድራይቭ መቼ ይከፈት፣ መቼ ይዘጋ?

በአገራችን መንገዶች ላይ ከሚታዩት አውቶማቲክ መኪኖች፣ በተለይም ቆየት ካሉት የቶዮታ ስሪቶች፣ ብዙዎቹ በማርሽ ዘንጉ ጎን አውራ ጣት የሚያርፍባት ትንሽ ቁልፍ አላቸው። ቁልፏ ስትነካ ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚል መብራት ይበራል ወይም ይጠፋል። አንዳንዱ አሽከርካሪ መብራቱ ሲበራ ኦቨርድራይቭ ሥራ የጀመረ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ መብራቱ በራ ማለት ኦቨርድራይቭ ተዘጋ ማለት ነው። ሌላው ቁልፏን የጉልበት መጨመሪያ አድርጎ ስለሚቆጥራት ክረምት ከበጋ ዘግቶ ይነዳል። መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ነክቷት የማያውቅም አለ። እነዚህ ሁሉ ልማዶች ዋጋ ያስከፍላሉ። ኦቨርድራይቭ በአብዛኛው ጉዞ ክፍት ሊሆን ይገባል፤ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት አገር ግን መቼ እንደሚዘጋ ማወቅ የአሽከርካሪው ድርሻ ነው። ምክንያቱም ካምቢዮው የመኪናውን ፍጥነትና የነዳጅ መስጫውን አረጋገጥ እንጂ ከፊት ያለውን መንገድ አያውቅም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የመኪና ሞተር ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው በማርሽ በኩል ነው። ባለአራት ማርሽ የሆነ የተለመደ አውቶማቲክ ካምቢዮ እንውሰድ። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 2.8 ጊዜ ያህል ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በሁለተኛ ወደ 1.5 ይወርዳል፤ በሦስተኛ እኩል ለእኩል ይሆናል። በአራተኛው፣ ማለትም በኦቨርድራይቭ፣ ሞተሩ 0.7 ዙር ያህል ብቻ ዞሮ ዘንጉን አንድ ሙሉ ዙር ያዞራል። ስለዚህ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞር ከነበረ፣ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኦቨርድራይቭ ሲገባ ዙሩ ወደ 2,100 ይወርዳል። ዙር ሲቀንስ በሞተሩ ውስጥ የሚባክነው የሰበቃ ኃይል ይቀንሳል፣ ድምፁ ይረግባል፣ ነዳጅ ይቆጠባል። ክራይስለርን የመሰሉ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኦቨርድራይቭን በመኪኖቻቸው ላይ የገጠሙት፣ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላም በአውቶማቲክ ካምቢዮዎች ውስጥ እየተለመደ የመጣው ለዚሁ ጥቅሙ ነው። በሜዳማ መንገድ ኦቨርድራይቭን ዘግቶ መንዳት ይህንን ሁሉ በከንቱ መጣል ነው።

ይሁን እንጂ የሚቆጠበው ዙር በነጻ አይገኝም። ማርሹ ዙር ሲቀንስ ጎማው ላይ የሚደርሰውንም የመግፋት ኃይል ይቀንሳል። በሜዳ ላይ መኪናው ብዙ ግፊት ስለማይፈልግ ችግር የለውም፤ ዳገት ሲመጣ ግን ጉድለቱ ይታያል። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ የራሱ ተጽዕኖ አለው። አዲስ አበባ ባለችበት ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። በዚህ ላይ አምስት ሰውና ሻንጣ ሲጨመር ካምቢዮው ዳገቱ ላይ መወላወል ይጀምራል፤ አራተኛ ያስገባል፣ ሞተሩ ሲደክም ወደ ሦስተኛ ይመለሳል፣ ጥቂት ሲፈጥን ደግሞ አራተኛ ያስገባል። እያንዳንዱ ቅያሬ የካምቢዮ ዘይቱን ያሞቃል፤ የሞቀ ዘይት ደግሞ ቶሎ ያረጃል፣ ካምቢዮውንም አብሮ ያስረጃል። መፍትሔው ዳገቱ እስኪያልቅ ኦቨርድራይቭን መዝጋት ነው። ካምቢዮው በሦስተኛ ይረጋል፣ ሞተሩም ጉልበት በሚያገኝበት ዙር ይሠራል።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 14.7 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ ከ40 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው። ፍጥነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ ይህ ሁሉ ኃይል መሄጃ ያስፈልገዋል፤ ኦቨርድራይቭ ክፍት ከሆነ ሞተሩ ብዙም ስለማይዝ አብዛኛው ሸክም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የፍሬን ሸራ ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይደክማል። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት ስለሚስብ እያደር የሚፈላበት መጠን ይወርዳል፤ ለዶት 3 ዘይት የተቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ፣ እርጥበት ሲገባው 140 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ከፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ኦቨርድራይቭ ሲዘጋ ሞተሩ ጎማውን የሚይዝበት ኃይል ከ40 በመቶ በላይ ይጨምራል። ይህ ካልበቃ የማርሽ ዘንጉን ወደ «2» ማውረድ ኃይሉን በኦቨርድራይቭ ከነበረው ከእጥፍ በላይ ያደርሰዋል። ቁልቁለትን በከባድ ማርሽ ውረድ የሚለው የቆየ የሾፌሮች ምክር በአውቶማቲክ መኪና የሚፈጸመው በዚህ መንገድ ነው።

ዙሩ ሲጨምር ነዳጅ ይበላል የሚል መከራከሪያ ይነሳ ይሆናል። ነዳጅ መስጫው እየተረገጠ ከሆነ እውነት ነው። ቁልቁለት ላይ ግን እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ፣ በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚሠራ ሞተር ዙሩ በቂ እስከሆነ ድረስ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው የመኪናው ክብደት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን «ኤን» ላይ አድርጎ የሚወርድ ሰው በአንጻሩ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ያቃጥላል፣ የሞተሩን እገዛም ያጣል። ሞተሩ ሲጮህ ይጎዳል የሚሉም አሉ። ጩኸት ብቻውን ጉዳት አይደለም፤ የዙር መቁጠሪያው ቀይ መስመር ላይ እስካልደረሰ ድረስ ሞተሩ ለዚያ ዙር ተሠርቷል። የፍሬን ሸራ ከካምቢዮ ይረክሳልና ፍሬን መጠቀም ይሻላል የሚለው ሐሳብ ደግሞ ለአጭር ቁልቁለት ያስኬዳል። በረጅም ቁልቁለት ግን ሊጠፋ የሚችለው ሕይወት እንጂ ሸራ ብቻ አይደለም፤ ካምቢዮውም በሦስተኛ ማርሽ ስለያዘ ከተለመደው ሥራው የተለየ ጫና አይደርስበትም።

አዳዲስ መኪኖች ስድስትና ከዚያ በላይ ማርሽ ስላላቸው፣ አንዳንዶቹም ቁልቁለት መኖሩን ራሳቸው ስለሚለዩ፣ ይህ ሁሉ ጊዜው አልፎበታል የሚል ይኖራል። እነሱም ቢሆኑ ቁልቁለቱን የሚያውቁት ከገቡበት በኋላ ነው፤ «ኤስ»፣ «ኤል» ወይም «ቢ» የሚሉ ምርጫዎች የተተዉላቸውም አሽከርካሪው ቀድሞ እንዲያዝ ነው። ስለዚህ በሜዳና በከተማ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ጠፍቶ ይቆይ። ረጅም ዳገት ሲጀመር ወይም ቁልቁለት ከመግባትዎ በፊት ኦቨርድራይቭን ይዝጉ። ወደ «2» የሚያወርዱት በፍሬን ፍጥነት ከቀነሱ በኋላ ይሁን፤ ጭቃና ዝናብ ባለበት መንገድ ጎማው ድንገት ተይዞ እንዳይንሸራተት ይበልጥ ይጠንቀቁ። መንገዱ ሲስተካከል መልሰው ይክፈቱት። መብራቱ ሳይነኩት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ካምቢዮው ችግር እንዳለበት እየተናገረ ሊሆን ስለሚችል ጉዞዎን ከመቀጠልዎ በፊት ለባለሙያ ያሳዩት።