ጉድጓድ የማይለቀው ኢ.ቲ.

ኤፕሪል 26 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.፣ አላሞጎርዶ፣ ኒው ሜክሲኮ። ነፋሱ የበረሃውን አሸዋ እያነሳ ፊት ይገርፋል። የተሰበሰበው ሰው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ዓይኑን የከተማዋን አሮጌ ቆሻሻ መድፊያ በሚቆፍረው ኤክስካቫተር ላይ ተክሏል። የሚጠብቀው ወርቅ አይደለም። የቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ ያውም የማይረባ የተባለ ጨዋታ።

ነገሩ የተጀመረው በ1982 ነው። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም «ኢ.ቲ.» ጨዋታ ለመሥራት ውል ያዘ። ለገና ገበያ መድረስ ስለነበረበት፣ ወራት የሚፈጀውን ሥራ ፕሮግራመሩ ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ በአምስት ሳምንት እንዲጨርስ ተነገረው። ጨረሰም። በጨዋታው ውስጥ ከሌላ ዓለም የመጣው ምስኪን ፍጡር ወደ አገሩ የሚደውልበትን ስልክ ቁርጥራጭ ሲፈልግ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። አንገቱን አስረዝሞ ይወጣል። ወጣ ሲሉት ተመልሶ ይወድቃል። ልጆች ተማረሩ፤ ጨዋታው የተጫነበት ካርትሪጅም ሳይሸጥ ተከመረ።

በሴፕቴምበር 1983 የአታሪን ዕቃ ጭነው ከቴክሳሷ ኤል ፓሶ የተነሱ መኪኖች አላሞጎርዶ ደርሰው ጭነታቸውን ገለበጡ። የከተማው ልጆች ሰምተው ለቀማ ሲገቡ ኮንክሪት ተደፋበት። ጋዜጦች በጊዜው ዘግበውታል። ግን ኮንክሪት ያለበት ቦታ ወሬ አያጣም፤ ዓመታት ሲያልፉ ዜናው ተረት ሆነ። አንዱ ሚሊዮኖች ተቀብረዋል ይላል፣ ሌላው ጭራሽ የተቀበረ ነገር የለም ይላል። ዋርሾ ራሱ ከማያምኑት ወገን ነበር።

ቦታውን ያገኘው ጆ ለዋንዶውስኪ ነው፤ በዚያች ከተማ ቆሻሻ በማንሳት ሥራ የኖረ ሰው። የድሮ ፎቶግራፎችን ከመሬቱ ጋር እያመሳከረ፣ ከዚያ ሁሉ ሜዳ መሃል «እዚህ ነው» ብሎ ጠቆመ። አርኪዮሎጂስቶችም የጥንት መቃብር የተከፈተ ይመስል ቆመው ይመዘግቡ ነበር፤ ለእኔ ግን የዕለቱ ሊቅ እሱ ነው።

ዘጠኝ ሜትር ያህል ከተቆፈረ በኋላ የተጨፈለቀ ካርቶን ወጣ፣ ቀጥሎ ካርትሪጅ። ስለ ቁፋሮው ዘጋቢ ፊልም የሚሠራው ዛክ ፔን ኢ.ቲ. መገኘቱን ሲያበስር ሕዝቡ ጮኸ። እዚያው ቆሞ የነበረው ዋርሾ እንባ ተናነቀው።

ዋናው ግኝት ግን ቆጠራው ላይ ነው የመጣው። ከወጡት 1,300 ገደማ ካርትሪጆች ኢ.ቲ. ጥቂቱ ብቻ ነበር። የቀረው «ሴንቲፒድ»ን የመሰሉ፣ ሰው የሚወዳቸው ጨዋታዎች ናቸው። ቀብሩን የመራው የቀድሞ የአታሪ ባልደረባ የተቀበሩት 728,000 እንደሆኑ ተናገረ። ኩባንያው መጋዘን ሲያራግፍ ያገኘውን ሁሉ ነው የደፋው፤ ወሬ ጥፋቱን በአንድ ጨዋታ ላይ ብቻ ጫነ።

ከተማዋ የወጣውን በኢቤይ ለጨረታ አቀረበች፤ ከቆሻሻ መድፊያ ለመውጣቱ ማረጋገጫ ወረቀት አያይዛ። (ስንት ዕቃ ነው ቆሻሻ ውስጥ መክረሙን በማስረጃ አስደግፎ ዋጋ የሚያወጣ?) አንድ ኢ.ቲ. 1,535 ዶላር ተሸጠ። ሌላው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገባ። የተረፉት፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት፣ ጉድጓዱ ተመልሶ ተደፍኖባቸው አሁንም እዚያው ናቸው።