እንቦሳ የማይታሰርበት ቤት

አዲስ ቤት የገባን ሰው «ቤት ለእንቦሳ» እንለዋለን፤ እሱም «እንቦሳ እሰሩ» ይለናል። ምርቃቱ የሚቆይ ሰውን ያስባል፤ እንቦሳዋ አድጋ ላም እስክትሆን የሚኖርበትን። የአዲስ አበባ ተከራይ ግን ዕቃውን ደርድሮ ሳይጨርስ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፤ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ሊባል ይችላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን «ኪራይ ጨምር» ማለት ነው። አቅም ካለው ይጨምራል፤ ከሌለው አልጋውን ፈታትቶ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ርቀት እያሰላ ደላላ ፍለጋ ይወጣል።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በዚያ ሥርዓት ዘመን ግለሰብ ቤት ማከራየቱ ቀረ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ለደሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ዋጋው ግን እዚያው ተቸክሎ ቀረ፤ በሚሰበሰበው ጥቂት ብር የዛገ ቆርቆሮ እንኳ መቀየር አልተቻለም። በክረምት ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ባልዲ መደቀን የቀበሌ ቤት ወግ ሆነ። ለማከራየት ብሎ ቤት የሚሠራም ጠፋ።

በ1990ዎቹ መገባደጃ የተጀመረው ኮንዶሚኒየምም የታሰበው ለባለቤትነት ነው። በ2005 ዓ.ም. ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዝግቦ ዕጣ መጠበቅ ያዘ። ዕጣ ከወጣላቸው ብዙዎቹ የባንክ ዕዳውን ለመክፈል ቤታቸውን አከራይተው፣ ራሳቸው ረከስ ያለ ቤት ተከራዩ።

በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ውል በጽሑፍ ተደርጎ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ ይሆናል። ለተከራይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከውድነቱ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳው መቼ ውጣ እንደሚባል አለማወቁ ነውና።

አከራይን ሁሉ ስግብግብ ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ጡረታዋ የወር አስቤዛ የማይሸፍንላትን እናት የምታኖራት ግቢዋ ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ቤት ናት። ጤፍ ሲወደድ ለእሷም ይወደዳል። ተከራይዋ የሚጠቀመው በእሷ ቆጣሪ ነው፤ ቡናም አብረው ይጠጣሉ። ስለዚህ መብቱ ቢነካ እንኳ እሷን ለመክሰስ እግሩ ይከብደዋል።

ቤት ፈላጊው በር ላይ ተሰልፎ እስከቆመ ድረስ፣ ውሉ ላይ የተጻፈውና እጅ በእጅ የሚሰጠው ብር ሊለያይ ይችላል። አዋጁ ተከራዩን ሁለት ዓመት ያቆየዋል። ከዚያ ወዲያ የሚያቆየው ግን፣ ከ1967 ጀምሮ የተዘነጋው ነገር ነው፦ ከመጀመሪያው ለኪራይ ተብሎ የሚሠራ፣ የወር ደመወዝተኛ የሚችለው ብዙ ቤት።