ዕድራችን ለቆመውም ይድረስ

የትንሣኤ በዓል ሲቃረብ በየቤቱ ጠላው የሚጠመቀው፣ ድፎው የሚደፋው፣ ዶሮው የሚሠራው የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም በትዕግሥት የፈጸመ ቤተሰብ በአንድነት ደስ እንዲለው ነው። በዚሁ የጾም ወራት መጠጥ የሚያቆሙ፣ ጫቱንና ሲጋራውንም እርግፍ አድርገው ለመተው የሚታገሉ ወገኖች ጥቂቶች አይደሉም። ለብዙ ዓመታት አረቄ ያሠቃየው፣ በጾሙ ግን ራሱን የገታ አንድ አባወራ በጎረቤት ማዕድ ሲቀመጥ ምን ይገጥመዋል? ባለቤቲቱ በፍቅር «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» ትለዋለች። እምቢ ቢል «ምነው፣ ተቀየምከን እንዴ?» ይባላል። ከተሰበሰቡት መካከል ክፉ ያሰበ ማንም የለም፤ ሆኖም የሁለት ወር ተጋድሎ በአንዲት ብርጭቆ ላይ ተንጠልጥሏል። በሱስ የተያዘውን ወገን ለመርዳት የሚጎድለን ርኅራኄ ሳይሆን ሥልጠና ነው የምንለው ከዚህ በመነሣት ነው።

እንደሚታወቀው ዕድር ሰው ሲሞት ጡሩምባ አስነፍቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ሐዘንተኛውን አጽናንቶ የሚመለስ ማኅበር ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ኤድስ መቅሠፍት በበረታ ጊዜ ግን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚገኙ በርካታ ዕድሮች አባሎቻቸውን አሠልጥነው የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን በየቤታቸው ማስታመምና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መደገፍ ጀምረው እንደነበረ ይታወሳል። ቀባሪው ማኅበር አስታማሚ ሆነ። ያ ልምድ በሱስ ለተያዙትም እንዳይውል የሚከለክለው አንዳች ነገር የለም።

እንዲያውም ዕድር ከሐኪሙ የሚቀድምበት አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም የገንዘብ ያዡ መዝገብ ነው። ለዐሥርና ለዐሥራ አምስት ዓመት መዋጮውን አንድ ወር እንኳ አሳልፎ የማያውቅ ሰው ሁለት ወር ይዘላል፤ ቀጥሎም ከቀብር ይቀራል፤ ከዚያም ሚስቱ በምሥጢር መጥታ ጥቂት ቀን እንዲታገሡላት ትለምናለች። በዚህ ጊዜ የአብዛኛው ዕድር ደንብ የሚያውቀው መቅጣትን፣ ቢደጋገምም ከአባልነት መሰረዝን ነው። ስለዚህ ሰውየው ከሁሉ ይልቅ ወገን በሚያስፈልገው ወር ያለውን አንድ ማኅበር ያጣል። የሠለጠነ የዕድር ዳኛ ግን ያንኑ ባዶ መስመር አይቶ ቅጣት ከመጻፉ በፊት ከሰውየው ጋር የሚስማማ አንድ ሰው መርጦ ወደ ቤቱ ይልካል።

የተላከው ሰው ምን ይናገር? እዚህ ላይ ነው ሥልጠናው የሚጀምረው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ምክር «ልጆችህን አታይም? እግዚአብሔርን አትፈራም?» የሚል ነው። ሰውየው ይህን ለራሱ በየሌሊቱ ሲለው ያድራል፤ ከሌላ አፍ ሲሰማው ግን ይከላከላል፣ ይዋሻል፣ ይሸሻል። ዊልያም ሚለር የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቁት የምክር ስልት ከዚህ የተለየ ነው። አማካሪው ከመገሠጽ ተቆጥቦ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፤ ሰውየው ለመለወጥ ያለውን ምክንያት ከገዛ አፉ እንዲያወጣው መንገድ ይከፍትለታል። ለእኛ ስብከት ለለመድን ሰዎች ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው ስለ አልኮል መጠጥ የሚጠይቅ ባለ 10 ጥያቄ መመዘኛም አለ፤ ውጤቱ ከ40 የሚታሰብ ሲሆን 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለጉዳት የሚያደርሰው መሆኑን ያመለክታል። በእኛ አገር ግን ጠላው ከቤት ቤት ጥንካሬው ስለሚለያይ፣ አረቄውም በመለኪያ ስለሚጠጣ፣ ጠያቂው የመንደሩን መጠጥና መስፈሪያ የሚያውቅ መሆን አለበት። ይህን ከዕድርተኛው የበለጠ ማን ያውቃል?

ሁሉም ሠልጣኝ ሳያውቀው ሊመለስ የማይገባው አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ይጀምሩታል፤ አንዳንዱን እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ይይዘዋል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜም የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል። ቤተሰቡ ይህን ሲያይ ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ ያስረዋል፤ ወይም የክብሪት ጭስ ያሸትተዋል። መደረግ የሚገባው ግን በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለመክተት፣ ብቻውን አለመተውና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። በተለይ የጾሙን መግቢያ ምክንያት አድርጎ በአንድ ጀንበር መጠጥ ለማቆም የቆረጠ ጠጪ አስቀድሞ ከጤና ባለሙያ ጋር እንዲመካከር ሊነገረው ይገባል።

የጫቱ ነገር ይለያል። የጫት ተጠቃሚው ሲያቆም እንዲህ ያለ ለሞት የሚያሰጋ ነገር እምብዛም አይገጥመውም። ይልቁንም ድካም፣ ቁጣና ጭንቀት ይጫኑታል፤ ሐራራ የሚሉት ጉጉት በልማዱ ሰዓት ይመጣበታል፤ ሌሊትም ዱካክ ያስጨንቀዋል። ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» እያለ መጠጥ የለመደው ወጣት ደግሞ ከአንዱ ሱስ ወደ ሁለት ተሸጋግሯል።

ስለ ጸበልም መነገር አለበት። ጸበሉ ከሕክምናው ጋር የሚጣላ የሚመስላቸው ምእመናን አሁንም አሉ። ይሁን እንጂ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው የሚዘነጋ አይደለም። ለሱስም መንገዱ ያው ነው። ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት ረቡዕ ቀን በአልዓዛር ስም ይጠራል። አልዓዛርን ከመቃብር ያስነሣው ጌታ ነው፤ የታሰረበትን መግነዝ እንዲፈቱለት የታዘዙት ግን በዙሪያው የቆሙት ሰዎች ናቸው። የተገነዘን ሰው መፍታትም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የቸኮለ እጅ ቋጠሮውን ያጠብቀዋልና።

ወደ ተማሪዎቹ እንለፍ። ተማሪን ወደ ሕዝቡ አውጥቶ ማስተማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን እያደራጀ በየጤና ጣቢያው ያሠለጥን ነበር፤ የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ገና ከምሥረታው ትምህርቱን በኅብረተሰቡ መካከል የሚሰጥ ሆኖ ተተክሏል። ጅማ የጫት አገር መሆኗን ለሚያውቅ የዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ለፈተና ሲያጠና ጫት የጀመረ ተማሪ በመኝታ ክፍሉ ካሉት ጓደኞቹ ቀድሞ የሚያየው የለም። ስለሆነም ተማሪው ሁለት ጊዜ ይሠለጥናል፤ አንድም ለጓደኛው፣ አንድም ለመንደሩ።

የተማሪው ጉድለት የመጽሐፍ ቋንቋ መናገሩና ተመርቆ መሄዱ ነው፤ የዕድሩ ጉድለት ደግሞ ምሥጢር አለመጠበቁ ነው። በቡና ላይ የወጣ ነገር በማግሥቱ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሁለቱ በአንድ ላይ ቢሠለጥኑ ተማሪው ጥያቄውን ከነምሥጢር አጠባበቁ ያመጣል፤ ዕድሩ ደግሞ ሰውየውን ከነታሪኩ ያውቀዋል፣ ተማሪው ሲሄድም ይቀራል። አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ጭምር ከሠልጣኞቹ መካከል ልትቀመጥ ይገባል። ማን ጎሕ ሳይቀድ በሯን እንደሚያንኳኳ የምታውቀው እርሷ ናት፤ እንጀራዋን ሳይነኩ እርሷን ማነጋገር ግን ብልኀት ይጠይቃል። በሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ተቀምጦ፣ የውሎ አበል ፈርሞ፣ ስሙ የታተመበት ወረቀት ይዞ መመለስ ሥልጠና ከተባለ ግን ባይጀመር ይሻላል። ሠልጣኙ በወሩ ተመልሶ «የላካችሁኝ ሰው በሩን ዘጋብኝ፤ አሁንስ?» ብሎ የሚጠይቀው ሊኖረው ይገባል።

ሕግም በበኩሉ ጥቂት ረድቷል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሆኖም አዋጁ የሚናገረው ስለ ሻጭና ገዢ ነው። በበዓል ማዕድ ላይ ማንም አይሸጥም፤ ሁሉም ይጋብዛል።

እንግዲህ የዘንድሮውን ማዕድ ስናሰናዳ ከጠላው ጎን ያልፈላ ብርዝ ይቀመጥ፤ ለአንዱ ተለይቶ ሳይሆን ለሁሉም ይቅረብ፤ የቤቱ ጌታም አስቀድሞ እርሱን ይቅዳ። ያ አባወራ በዋዜማው ጸንቶ በበዓሉ ማታ ቢጠጣስ? ሱስን የሚያውቁ ሐኪሞች መውደቅና መነሣት የዚህ ሕመም ጠባይ መሆኑን ይናገራሉ። ከዕድሩ የተመረጠው ሰው በማግሥቱ፣ በማዕዶት ሰኞ፣ ጠዋት ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ስለ ትናንቱ ሳይሆን ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ይጠይቀው።